የደረጃው መግለጫ

ልጄ እኔ ወደ ነደፍኩላት ቤት ሕፃኗን ይዛ በገባችበት ቀን፣ የቤቱን ንድፍ አጠናቅቄ ለመዝጋት ቢሮ ቀረሁ። በምንሠራበት የንድፍ ሶፍትዌር እያንዳንዱ የቤት አካል «አዲስ»፣ «ነባር» ወይም «የፈረሰ» የሚል መግለጫ አለው፤ ግንባታው ሲያልቅ ሁሉንም «ነባር» እንለዋለን። ግድግዳውን ለወጥኩ፤ መስኮቶቹንም። ደረጃው ግን «የፈረሰ» ይላል። አረምኩት፤ ዓይኔ እያየ ተመልሶ «የፈረሰ» ሆነ።

«እትዬ፣ ኮምፒዩተሩም እንደኔ ምሳ ሰዓት አልፎበት ነው፤ ቢጋብዙን ይሻላል» አለ ባልደረባዬ።

እየሳቅሁ ለልጄ ደወልኩ።

«የኔ እመቤት፣ ደረጃሽ ደህና ነው? እዚህ እምቢ ብሎኛል።»



«እማዬ፣ ልጅቷን ላስተኛ ፎቅ ወጥቼ ነበር። አሁን ልወርድ ስል ደረጃው የለም። የነበረበት ቦታ ድፍን ወለል ሆኗል፤ እላዩ ላይ ቆሜያለሁ።»

«ካለሽበት እንዳትነቃነቂ!» አልኳት። ደረጃውን ደጋግሜ «ነባር» ስለው ባልደረባዬ ትከሻዬን ጨምድዶ ያዘኝ። በዝርዝሩ ውስጥ ከደረጃው ሥር ባለው መስመር ላይ፣ ማንም ሳይነካው፣ የፎቁ ወለል «የፈረሰ» ሆነ።