በእናቷ ዓይን ውስጥ

ልጅቷ የፎቶ ወረቀቱን ማጠቢያው መድኃኒት ውስጥ ነክራ ሳህኑን ቀስ እያለች ወዘወዘችው። አባቷ በጨለማ ክፍሉ ቀይ መብራት ሥር እጁን አጣምሮ ቆሞ ነበር። አርባ ዓመት ሙሉ የሰው ፊት ሲያነሳ የራሱን አንድም ቀን አላስነሳም፤ ሚስቱ ለሳሎኑ ግድግዳ አንዲት ፎቶውን ብትለምነው ብትለምነው፣ ወይ ፍንክች!

«የእናትሽን ዓይን ብቻ ይሄን ያህል አሳድገሽ ምን ልታደርጊው ነው?» አላት። አጠገባቸው የተሰጣው የመጀመሪያው ሙከራ፣ ልጅቷ በራሷ ካሜራ ካነሳችው ትንሽ ፊልም የታተመው፣ የተበተነ አሸዋ መስሏል። «ነገርኩሽ እኮ! ትንሽ ፊልም ሲለጠጥ ፍሬ ፍሬ ይላል። መዳፍ የሚያህለው የእኔ ፊልም ግን ምንም አያመልጠውም።»

«አሁን የነከርኩት ካንተ ፊልም የታተመውን ነው፣ አባዬ» አለች፣ ሳቋን እንደ ምንም ውጣ።

መጀመሪያ ሽፋሽፍቱ አንድ በአንድ ብቅ አለ፤ ቀጥሎ ብሌኑ ጥርት ብሎ ወጣ። አባቷ ደረቱን ነፍቶ ጎንበስ አለ። ብሌኑ መሃል አንድ መስኮት ይታያል። ከመስኮቱ ፊት ካሜራው ከነእግሩ ቆሟል፤ ከካሜራው ጎን ደግሞ አንድ መላጣ ሰው፣ በአንድ እጁ የማንሻውን ገመድ ይዞ፣ በሌላው አናቱ ላይ የአህያ ጆሮ ሠርቶ ሚስቱን ያስቃል።

አባቷ መላጣውን ዳበሰ።

«ይሄማ አይሰቀልም!» አለ።

ከተዘጋው በር ውጪ የእናቷ ድምፅ ወዲያው መለሰ፦ «ምስማሩን ከጠዋቱ መትቼዋለሁ!»