ለአረፋ የተከፈተው በር

ደሴ ላይ ሕጉ ከወጣ ስምንት ዓመት ሆነው። በክርስቲያን በዓል የሙስሊሙ፣ በሙስሊም በዓል የክርስቲያኑ ቤት በር ጎህ ሲቀድ በራሱ ይቆለፋል፤ ጀምበር ሳትጠልቅ አይከፈትም። በየበዓሉ ይነሣ የነበረው ጠብ ቀርቷል፤ እንኳን አደረሰህ መባባሉም አብሮ ቀረ።

ዘንድሮ ግን ዋስ ያለው ሰው እንዲወጣ ተፈቀደ። ለደምለው ጎረቤቱ እንድሪስ ዋስ ሆነለት። ጠብ ከተነሣ እንድሪስ በሚቀጥለው ዒድ ከገዛ ቤቱ መውጣት አይችልም።

የአረፋ ዕለት ጠዋት በሩ ቀጭ ብሎ ሲከፈት ደምለው እንደ ሙሽራ ልቡ እየዘለለ ወጣ። መንገደኛው ሁሉ ባለበት ደርቆ ቀረ። ጥጉ ላይ የቆመው ዘብ ጠመንጃውን አነሣ።

«ቢላዋውን ጣል!»

ደምለው እጁን አየ። በድሮው ልማድ የማረጃ ቢላዋውን ይዞ ወጥቷል። ዋሱን ጉድ እንደሠራው ገባው።

ይሄኔ እንድሪስ አንድ ሙክት እየጎተተ ከግቢው ብቅ አለ።

«አንተ ሰው፣ እስካሁን ምን ይዞህ ነው? እኔ የራሴን አርጄ ጨርሻለሁ፤ ያንተ ይኸው ቆሞ ይጠብቅሃል!»

«ሁለት በግ ለምን?» አለ ዘቡ፣ ጠመንጃውን ሳያወርድ።

«እኔ ያረድኩትን እሱ አይበላማ! የራሱን በስመ አብ ብሎ ያርዳል፤ ከዚያ ባንድ ግቢ እንበላለን። አባትህ አልነገሩህም?»

«አልነገሩኝም» አለ ዘቡ አፍሮ።

ደምለው ሳቁ አመለጠው። «በል እንግዲያ ና፣ እግሩን ያዝልኝ!»

ዘቡ ግራ ቀኙን አየ። ጠመንጃውን ከአጥሩ አስደግፎ እጅጌውን ሰበሰበ።