የረውዳ ወተት

ሐይቁ ውስጥ ውሃ የሚያጠራው ረቂቅ ብናኝ ከተነዛ ወዲህ በመንደሩ በአተት የሞተ ሰው የለም። ብናኙ ግን ከጠጪው ደም ውስጥም ገብቶ ይቀመጣል። ረውዳ ወልዳ ጡቷን ብታልበው እንደ ምንጭ ውሃ ኩልል ያለ ነገር ወረደ፤ ብናኙ ወተቷንም እንደ ድፍርስ ቆጥሮ አጥርቶባት ነበር። የፍየሏም ወተት እንዲሁ ሆነ። የዱቄት ወተት እንኳ በሐይቁ ውሃ ሲበጠበጥ ይጠራል።

ሕፃኗ ስታለቅስ ረውዳ ቁጭ ብድግ ስትል ሰነበተች። በመጨረሻ ጀሪካኗን አንሥታ ከጉብታው ጀርባ ወዳለው፣ ብናኙ ወዳልገባበት የዝናብ ኩሬ ወረደች። ባሏ እንድሪስ ተከትሏት መጣ።

«አብደሻል? እናቴን በአተት የገደለው ይሄ ኩሬ አይደል?»

«ነው። ታዲያ ንጹሑን እየጠጣሁ ልጄ ስትሞት ልይ?»

ረውዳ ውሃውን በነጠላዋ አጥልላ ጠጣች። ልጇን በስኳር ውሃ እያቆየች፣ የሐይቁን ውሃ እርም ብላ የኩሬውን ብቻ ስትጠጣ ሰነበተች።

አንድ ረፋድ ላይ ወተቱ ነጭ ሆኖ ወረደ። ሕፃኗ እየተስገበገበች ስትጠባ እንድሪስ ከደስታው ብዛት አለቀሰ። ረውዳ ሆዷን ክፉኛ ቆረጣት። ምንም ሳትለው ሕፃኗን ወደ ሌላው ጡቷ አዛወረቻት።