የነገሪ ክንድ

ነገሪን ጭኔ ላይ አጋድሜ በእርጥብ ጨርቅ እጠርገዋለሁ። ግራ እግሩ በጄሶ ስለታሰረ ሳፋ ውስጥ አላስገባውም። ስድስት ወር ያልሞላው የልጅ ልጄ፣ አልጋ ላይ ተኝቶ እግሩ እንዴት ይሰበራል? እናቱ ዘነቡ አልጣልኩትም ብላ ትምላለች። እኔ አላምናትም። ልጄ ሁንዴሳ ግንባር ከሄደ ወዲህ ፊቷ ተለዋውጧል፤ በንዴት የምትወረውረው እየመሰለኝ እንቅልፍ አጥቻለሁ።

ጎፋ ጤና ጣቢያ ልጁን ያየው ዶክተርም የሷን ወገን ያዘ። የልጁንም የእናቱንም ዓይን ገለጥ ገለጥ አድርጎ፣ ነጩ ወደ ሰማያዊ ያደላል አለ። ጭቃን ጭድ እንደሚይዘው አጥንትንም ውስጡ ያለ ማሰሪያ ይይዘዋል፤ የዚህ ልጅ ማሰሪያ ደካማ ነው፣ ከእናቱ ወርሶታል፣ ሁለተኛ እንዳታሹት ብሎ አስጠነቀቀ። ወሬ! ምን አጉርሳው ይሆን? እኔ ልጆቼን ሁሉ በቅቤ አሽቼ ነው ያሳደግኩት፤ የአንዳቸውም ጣት እንኳ አልተሰበረም።

ዛሬ ግን ይለይለታል። ዘነቡ ለኅብረት ሱቅ ስኳር ልትሰለፍ ወጥታለች። ጎረቤቴ ሐሚዳ የሴቶች ማኅበር ሊቀመንበሯን ይዛልኝ ትመጣለች። ልጁን ተቀብዬ ዘነቡን ወደ ለቡ፣ ወደ ቤተሰቦቿ እሸኛታለሁ።

እሷ ቤት ስትሆን አታስነካኝም። አሁን ቅቤውን መዳፌ ላይ አሟሟለሁ። እጆቹን ደረቱ ላይ አጠላልፌ፣ እንደ ወጉ ሳብ አደርጋለሁ።

ጭራሮ ሲሰበር የሚሰማው ዓይነት ድምፅ እሰማለሁ።

ነገሪ ይጮኻል። ክንዱ በማይታጠፍበት በኩል ታጥፏል። ወይኔ ጉዴ! ላነሳውም፣ ላስቀምጠውም ፈራሁ።

ዘነቡ ስኳሯን እንደያዘች ትገባለች። ማን፣ ምን አትልም። ተንበርክካ መዳፏን ከሥሩ ታስገባለች።

“ቀስ ብለው ይልቀቁልኝ እማዬ” ትለኛለች። “ይዤዋለሁ።”

ሐሚዳ ሊቀመንበሯን አስከትላ የምትደርሰው ይሄኔ ነው። ልጁን በዘነቡ እጅ ላይ ታየዋለች፣ ክንዱንም ታያለች።

“አላልኩዎትም ጓድ ሊቀመንበር? ይኸው፣ ደግማ ሰበረችው።”

ሊቀመንበሯ ዘነቡን ከላይ እስከ ታች ታያታለች። ዘነቡ ቀና አትልም፤ ልጇን እያባበለች ነው። እኔ ዝም ብል ነገሩ እዚህ ላይ ያልቃል። ሁንዴሳም ቢሆን እናቱን ነው የሚያምነው።

“እሷ አሁን ነው የገባችው” እላለሁ። “እኔ ነኝ። እግሩ የተሰበረ ዕለትም ጠዋት ያሸሁት እኔ ነበርኩ።”