የሟች ስም

ጉታን እንቅልፍ ከጣለው ጣለው ነው። ጆሮው ሥር የአርማታ ሚክሰር ቢያስነሱበት፣ ዝናብ መጣ መሰለኝ ብሎ ብርድ ልብሱን ይስባል። ያን ማክሰኞ ቡራዩ ላይ የእትዬ ውባንቺ ቤት የጣሪያ አርማታ ሊሞላ ቀጠሮ ተይዞ፣ ፎርማኑ ጉታ ሰበታ አልጋው ላይ እኩለ ቀንን ተሻገረ።

አለቃው ኢንጂነር ፍቅረሥላሴ ሰበብ አንገሽግሾት፣ ቤት አሠሪዎችም በስልካቸው በሚያዩት የሥራ መከታተያ አፕ ላይ አዲስ መሙያ ካስጨመረ ወር አልሞላውም። "የመዘግየት ምክንያት" ይላል። ሲነኩት ምርጫ ይዘረጋል፦ ዝናብ፣ መብራት፣ ሲሚንቶ፣ ለቅሶ። በዚህ መሙያ የዋሸ በዚያው ቀን ይሰናበታል ብሎ በስብሰባ ተናግሯል።

እንቅልፍ የሚል ምርጫ የለም። ሰማዩ እንደታጠበ ሳህን ጠርቷል፣ መብራትም አልጠፋ። ጉታ ለቅሶን ነካ።

ከሥሩ ሌላ መሙያ ብቅ አለ፦ "የሟች ስም"። ካልሞሉት ወደፊት አያስኬድም።

ጣቱ ሄዶ ሄዶ አጎቱን ኦቦ ሆርዶፋን ጻፈ፤ ሱሉልታ ላይ ኮርማ በቀንዱ ይዘው የሚያንበረክኩትን፣ እሱንም ያሳደጉትን።

ከዚያ ወዲያ ማታ ማታ ሱሉልታ ይደውላል። በማግስቱ ጋቢ ገዝቶ ላከ።

"ያ ጉታ፣ ደህና ነኝ አልኩህ እኮ" አሉት አጎቱ። "ወይስ ሐኪም ለብቻህ የነገረህ ነገር አለ?"

ቢሮ ሲገባ ደግሞ ባሰበት። አፑን የምታስተዳድረው ሬሐና ቴምር ይዛ ልታጽናናው መጣች። ማክሰኞ ብትመጣም ኖሮ ሥራ አልነበረም አለችው፤ የሲሚንቶ መጋዘኑ ቁልፍ ከኢንጂነሩ ኪስ አይወጣ፣ ስልኩ ቀኑን ሙሉ ዝግ፣ ቀን ሠራተኞቹ አጥር ላይ ተደርድረው ዋሉ። ጉታ ቴምሩን እያገላበጠ በግማሽ ጆሮ ሰማት።

የኢንጂነሩ ነገር ግን ከሁሉም ባሰ። የተሞላውን ሁሉ ከማንም ቀድሞ የሚያነብ፣ ሚስማር ጎደለ ብሎ ጉባኤ የሚጠራ ሰው፣ ጫማውን እያየ "እግዜር ያጽናህ" ብሎ አለፈ። ምን አሟቸው፣ የት ተቀበሩ፣ አንድም አልጠየቀ።

ነቅቶብኛል፣ አለ ጉታ በልቡ።

አርብ ጠዋት ኢንጂነሩና ጉታ ቡራዩ ተጠሩ። እትዬ ውባንቺ ሲቆጡ ሆለታ ያሉ ውሾች ይጮኻሉ። ጣሪያ አልባው ቤታቸው መሀል ቆመው ስልካቸውን አወዛወዙ።

"እዚህ ላይ ለቅሶ ይላል። ደግ፣ ይህስ የፎርማኑ ነው" አሉና ወደ ኢንጂነሩ ዞሩ። "አንተስ? ማክሰኞ ስልክህን ዘግተህ የት ነበርክ?"

ጉታ ከዚህ በላይ መሸከም አልቻለም። ይሰናበት እንጂ እውነቱን አፍርጦ በቁማቸው የቀበራቸውን ሰው ሊያወጣ ቆረጠ።

"ኢንጂነር፣ አጎቴ እኮ..."

የፍቅረሥላሴ እጅ ትከሻው ላይ ከበድ ብሎ አረፈ።

"የት እሆናለሁ እትዬ? ሱሉልታ፣ የጉታ አጎት ቀብር ላይ ነበርኩ፤ ቃሬዛውን ከፊት የያዝኩት እኔ ነኝ፣ ይኸው እሱን ይጠይቁት።"