የአባ ካሴት

ግንቦት አሥራ ስምንት ቀን 1996 ዓ.ም.፣ ረቡዕ፣ ከጠዋቱ አራት ሰዓት ላይ መሪጌታ ኪዳነ ማርያም ሙጫ የያዘ ጣሳ አንጠልጥለው የልጃቸውን የእንዳላማውን ጌም ቤት ደፍ ተሻገሩ። ሦስት ዓመት ሙሉ እግሬ አይረግጠውም ሲሉት የኖሩት ቤት ነው። የድጓ ተማሪዎቻቸውን እየሳበባቸው ተቸግረው ነበር።

እህቱ ይመኙሻል ቀና ብላ አየቻቸው እንጂ መቀሱን አላስቀመጠችም። እንዳላማው ከሞተ ወዲህ የሚያስገርማት ነገር የለም። ወንድሟ ካሴት ሊገዛ አዲስ አበባ ሄዶ ሲመለስ አባይ በረሃ ላይ አውቶቡሱ ተገለበጠ፤ አርባው ከወጣ ሳምንት ሆኖታል። ዛሬ ከሰዓት፣ አምበር ከተማ ጌም ቤት የሚከፍተው ታረቀኝ መጥቶ ማጫወቻውንም የጨዋታ ካሴቶቹንም ገዝቶ ይወስዳል። «ስማቸው የታተመ ይሁን፤ ፕላስተር ላይ የተጫረ አልፈልግም» ብሏል። ስለዚህ ፎቶ ኮፒ ቤት ሥዕልና ስም አሳትማ፣ እየቆረጠች ወንድሟ በእጁ በጻፈው ላይ ትለጥፋለች።

«በሱቅ ኮላ ነው የምትለጥፊው? ይለቃል» አሉ አባቷ አጠገቧ ተቀምጠው። «ይኸው፣ የስንዴ ዱቄት ነው። መጽሐፍ የምጠርዝበት።»

«ይሄ እኮ ፕላስቲክ ነው፣ አባ።»

«ሙጫ ሙጫ ነው።»

ጣሳውን ወደ መሐል ሳበችው። አባቷ አንዱን ሥዕል አንስተው ወደ መስኮቱ አስጠጉት።

«ይህ ደግሞ ምን የሚሉት ፍጡር ነው?»

«መኪና ነው።»

«ጎማው የታል?»

«ማተሚያው ቀለም ጨረሰ።»

«እንግዲህ አምበር ድረስ በምኑ ሊሄድ ነው?» አሉ። ሁለቱም አልሳቁም።

እንዳላማው ለካሴቶቹ ስም የሚያወጣላቸው በሰፈሩ ሰው ነበር። የቡጢው «የአወቀ» ነው፤ አወቀን የሚያሸንፍ ስላልተገኘ። የመኪናው «የፈንታ» ነው፤ ጋሪ ነጂው ፈንታ ፈረሱን አስሮ ሲመጣ ሌላ ስለማይነካ። ይመኙሻል ጨዋታ አታውቅምና አንድ በአንድ ማጫወቻው ላይ እየሰካች፣ ካየች በኋላ ነው የታተመውን ስም የምትመርጥለት።

አባቷ የመጨረሻውን ካሴት ይዘው ቆዩ። ፕላስተሩ ላይ «የአባ» ይላል።

«የማን አባ?»

«የእርስዎ።»

«እኔ መቼ ተጫወትሁ?»

ተቀብላ ሰካችው። ቴሌቪዥኑ ላይ ጡብ የሚመስል ነገር ከላይ ቀስ እያለ ወረደ።

«መደርደር ብቻ ነው፤ ጩኸት የለውም። ‹አባ አንድ ቀን የገቡ እንደሆን ይህን ነው የማስጀምራቸው› ይል ነበር እንዳላማው። ማንንም አያስነካም።»

መሪጌታ ጡቡ ተከምሮ ተከምሮ ጨዋታው እስኪቆም ድረስ አዩት። እጃቸው ግን ከጭናቸው አልተነሳም።

«ይቺን እናስቀራት፣ አባ? ለታረቀኝ እነግረዋለሁ።»

«ምን ላደርጋት?» አሉ።

የታተመውን ወረቀት ገለበጡና በሌባ ጣታቸው ዳር ዳሩን ብቻ ሙጫ ቀቡት።

«መሐሉስ፣ አባ?»

«ከሥሩ ጽሑፍ አለ» አሉ። «ጽሑፍ ላይ ሙጫ አይደረግም።»

ከዚያ ለጥፈው በአውራ ጣታቸው ዳሩን ተጫኑት።

ወረቀቱ ሐምሌ ሳይገባ ለቀቀ። ታረቀኝም ሌላ አላሳተመለትም። የአምበር ልጆች፣ የታረቀኝ ጌም ቤት እስኪዘጋ ድረስ፣ ያን ጨዋታ «የአባ» ነበር የሚሉት።