አንድ በአንድ የተመረመረው ሙዚቃ

የአዲሱ ክልል የባህል ቢሮ ተጠባባቂ ኃላፊ አቶ በቃሉ አንድ ጠላት ነበራቸው፤ ዘፈን።

የፈረንጅ ዘፈን ነው። በኪቦርድ ይጀምራል፤ ከበሮው ገና ሳይገባ የሰው እግር ይነቃነቃል። አንድ የእርዳታ መኪና ሾፌር ካሴቱን አሶሳ ጥሎት ሄደ። ከዚያ ወዲህ መንግሥት ተቀየረ፣ ባንዲራ ተቀየረ፣ ክልል ተመሠረተ። ዘፈኑ ግን አልተቀየረም፤ ከቢሮው ፊት ለፊት፣ በወይዘሮ ዐዋጢፍ ሻይ ቤት፣ ከጠዋት እስከ ማታ አለ። ግጥሙ ምን እንደሚል የሚያውቅ የለም፤ ዜማውን የማያውቅም የለም።

አሁን ለክልሉ ምሥረታ በዓል ከአዲስ አበባ እንግዶች ሊመጡ ነው። አቶ በቃሉ «አንዲት የባዕድ ዜማ አትሰማም» ብለው ለበላዮቻቸው ቃል ገብተዋል። ከተሰማች ካማሺ ይመለሳሉ፤ ወደ መምህርነታቸው። የካማሺን መንገድ የሚያውቅ ያዝንላቸዋል።

ዐዋጢፍ ዘንድ ሄዱ።

«ይሄን ነገር አቁሚልኝ።»

«ወላሂ አቶ በቃሉ፣ አንተ ራስህ ሻይ ስትጠጣ እግርህ ይጨፍራል።»

«ጉንዳን ነው» አሉ አቶ በቃሉ።

ካሴቱን ወረሱ። በማግስቱ ቅጂው ዘፈነ። ቅጂውን ወረሱ። ቴፑንም ወረሱ። ደንበኛው በሙሉ ዜማውን ማፏጨት ጀመረ። ኃላፊው ራሳቸውን ያዙ፤ ፉጨት አይወረስ ነገር!

ለበዓሉ የቀራቸው ተስፋ የሽማግሌው የአልመሐዲ ቡድን ነበር፤ ዙምባራ የሚባለውን ረጅም የበርታ ጥሩምባ የሚነፉት። ግን እነሱም ከልምምድ በኋላ የሚያርፉት ዐዋጢፍ ጋ ነው። አቶ በቃሉ እንዲህ ያለውን ነገር በዝምታ የሚያልፉ ሰው አይደሉም። ቅድመ ምርመራ አዘዙ፤ ቢሮ ውስጥ፣ በር ተዘግቶ፣ አንድ በአንድ።

የመጀመሪያው ገባና ነፋ። «ቡ።»

«ቀጥል እንጂ!»

«አለቀ። የኔ ይሄ ብቻ ነው።»

ሁለተኛው ወፈር ያለ «ቡ» አለ። ሦስተኛው ቀጠን ያለ። የባዕድ ሽታ ያለበት አልተገኘም። አቶ በቃሉ «ንጹሕ» ብለው ማኅተም መቱ፤ ዓይናቸውንም ወደ እውነተኛው አደጋ፣ ወደ ሻይ ቤቱ መለሱ።

በበዓሉ ዕለት ዐዋጢፍ በልብሷ ሥር አንድ ነገር አቅፋ መጣች። አቶ በቃሉ ከወንበራቸው ዘለው ተነሡ።

«ምንድን ነው እሱ? ቴፕ ነው?»

«ለውዝ። ለነፊዎቹ። ትበላለህ?»

ገልጠው አዩ። ለውዝ ነበር። በረጅሙ ተንፍሰው ተቀመጡና ወደ ክብር እንግዳው ዘንበል አሉ። «አሁን የሚሰሙት፣ ጌታዬ፣ ከአባቶቻችን የወረስነው ነው።»

አልመሐዲ እጃቸውን አነሡ። ነፊዎቹ ተራ በተራ፣ እያንዳንዱ የተመረመረባትን አንዲት ድምፅ፣ ፈጠን ፈጠን እያሉ ያገጣጥሟት ጀመር። ከበሮው ገና ሳይገባ ከኋላ የተሰበሰበው ሕዝብ የሚያውቀውን ዜማ አብሮ አፏጨ፤ የክብር እንግዳው እግርም ተነቃነቀ።

«ጉንዳን ነው፣ ጌታዬ» አሉ አቶ በቃሉ።